የእርሻ ትምህርት ወዴት ያደርሳል?

(በሬዲዮ ከተነገረው)

አንባቢ ሆይ፤ በመሥሪያ ቤታችን በዕድሜም በማዕርግም የሚቀድሙኝ አንድ ባልደረባ አሉ። በቅርቡ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ወደ ክፍሌ ገቡና በሩን በቀስታ ዘጉት። ሰው እንዲህ አድርጎ በር ሲዘጋ ወይ የብድር ወይ የልጅ ነገር መሆኑን የቢሮ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የርሳቸው የልጅ ነበር።

«ወንድሜ፤ አንተ በሬዲዮ የምትናገር ሰው ስለ ሆንህ የምታውቀው ሰው አይጠፋም፤» አሉኝ። «ልጄ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የመጀመሪያውን ዓመት ጨረሰ። አሁን የትምህርት ክፍል ሲለይ እርሻ ደረሰው። የሚያስለውጥልኝ ሰው ፈልግልኝ።»

«ጋሼ፤ እርሻ ምን ነውር አለበት?» ብላቸው ትክ ብለው ተመለከቱኝ። «አባቴ ጊንጪ ላይ ዋልካ መሬት ሲያርስ ዕድሜውን ፈጀ። እኔን ትምህርት ቤት የሰደደኝ ከሞፈርና ከቀንበር እንድገላገል ነው። ታዲያ የኔ ልጅ ዐሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ ተመልሶ ሞፈር ይጨብጥ?»

የማስለውጥበት ዘመድም ሥልጣንም እንደሌለኝ ነገርኋቸው። ለጥያቄያቸው ግን በዚያ ቀን መልስ አልሰጠሁም። ያልሰጠሁበትንም ምክንያት መሸሸግ አይገባኝም። እኔ ራሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን በጨረስሁ ጊዜ የእርሻ ኮሌጅ ማመልከቻ በእጄ ገብቶ ነበር። ጓደኞቼ «ገበሬው» እያሉ እንዳይሥቁብኝ በኪሴ አጣጥፌ ይዤው ስዞር የማመልከቻው ቀን አለፈ። ስለዚህ በዚያ ቀን እርሳቸውን ለመውቀስ አፍ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ግን ሥራዬ ከአዲስ አበባ እስከ ባኮ ባለው መንገድ ደጋግሞ ስለ አመላለሰኝ፣ ያየሁትንና ጠይቄ የተረዳሁትን ሰብስቤ ለርሳቸው የሚገባውን መልስ በሬዲዮ ተናገርሁ። ይህ ጽሑፍ ያው ንግግር ነው።

በመጀመሪያ ቃሉን እናጥራው። በቋንቋችን «እርሻ» ስንል ሁለት ነገር በአንድ ስም እንጠራለን። አንደኛው ገበሬው በበሬ የሚሠራው ሥራ ነው፤ ሁለተኛው ስለዚያ ሥራ የሚመረመረው ዕውቀት ነው። ስሙ አንድ ስለ ሆነ ነገሩም አንድ ይመስለናል። ሕክምና የሚማር ልጁን አይቶ «ወየው፤ ልጄ በሽተኛ ሊሆን ነው» ብሎ የሚደነግጥ አባት የለም፤ ሐኪሙ በሽታን የሚያጠና እንጂ የሚታመም አለመሆኑን እናውቃለንና። በእርሻ ጊዜ ግን ይህ ልዩነት ይሰወርብናል። ዛሬ በመሥሪያ ቤቶች «ግብርና» የሚለው ስም በርትቷል፤ እኔ ግን በየቤታችን በምንለው በእርሻ እቀጥላለሁ።

ስለ ዓመታት ቁጥርም አንድ ቃል ልናገር። የነገሩ መዛግብት አብዛኞቹ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ስለ ሆነ እኔም ዓመታቱን በዚሁ እሰጣለሁ።

አምቦ ለዚህ ትምህርት ባዕድ አይደለችም። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ቤት በ1947 ዓ.ም. ሲቋቋም የእርሻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበረ። ከተማይቱም በዚያን ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። ቤቱ ከትምህርት ቤት ወደ ኢንስቲትዩት፣ ከዚያ ወደ ጁኒየር ኮሌጅ፣ ከዚያም ወደ ኮሌጅ እያደገ ሄዶ ነው ዩኒቨርሲቲ የተባለው። ስለዚህ የባልደረባዬ ልጅ እርሻ ደረሰው ማለት፣ በዚያ ግቢ ከሌላው ትምህርት ሁሉ የቀደመው ደረሰው ማለት ነው። ኢንጂኔሪንጉም፣ ሕጉም፣ የንግድ ሥራውም ኋላ የመጡ እንግዶች ናቸው፤ የቤቱ ባለቤት እርሻ ነበረ።

በእርሻ ዲግሪ መስጠት የተጀመረው ግን በአምቦ አይደለም። የአሜሪካ የኦክላሆማ እርሻ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሄንሪ ቤኔት በ1950 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥተው ነበር። ኮሌጅ ለማቋቋም በሁለቱ መንግሥታት መካከል ውሉ የተፈረመው በ1952 ነው፤ ቤኔት ግን ይህን ሳያዩ በ1951 መጨረሻ በኢራን አገር በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። የመጀመሪያዎቹ የዲግሪ ተማሪዎች በ1953 ትምህርታቸውን በጅማ ጀምረው፣ በ1956 ወደ ዓለማያ ተዛወሩ፤ በ1957ም የመጀመሪያዎቹ ተመረቁ። ያ ኮሌጅ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ይባላል። የአምቦና የጅማ እርሻ ትምህርት ቤቶች ለዚህ ኮሌጅ ተማሪ የሚያበቁ ሁለት ምንጮች ነበሩ።

ከኦክላሆማ የመጣው ነገር መምህራንና መጻሕፍት ብቻ አልነበረም፤ አንድ ሐሳብም አብሮ መጥቷል። አሜሪካኖች በ1862 ዓ.ም.፣ ፕሬዚዳንት ሊንከን የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ሳሉ፣ ለእርሻና ለእጅ ሥራ ኮሌጆች ማቋቋሚያ የሚሆን የመንግሥት መሬት ለየክፍለ ሀገሩ የሚሰጥ ሕግ አውጥተው ነበር። በዚያ ሕግ የተወለዱት ኮሌጆች እያደጉ ሲሄዱ ሦስት ሥራ ባንድነት ያዙ። ተማሪ ያስተምራሉ፤ በማሳ ላይ ይመራመራሉ፤ የተመራመሩትንም ወደ ገበሬው ደጅ ያደርሳሉ። ዓለማያም ሲቋቋም እነዚህን ሦስቱን ሥራዎች ይዞ ነበር። ኋላ ግን ገበሬውን የማስተማሩ ሥራ በ1963 ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተላለፈ፤ በ1966ም የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ተቋቋመና ምርምሩ የራሱ ቤት አገኘ። አንዱ ቤት ሦስት ሆነ።

ይህን የተረክሁት ለታሪክ ጨዋታ አይደለም። የእርሻ ምሩቅ ሥራ የሚያገኝባቸው ዋናዎቹ ደጆች እስከ ዛሬ እነዚሁ ሦስቱ ስለ ሆኑ ነው።

ከምርምሩ ልጀምር፤ ይህ ደጅ ከሁሉ ይበልጥ የማይታወቅ ነውና። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ሲጓዙ ሆለታንና አዲስ ዓለምን አልፈው ወለንኮሚ የምትባል ከተማ ያገኛሉ። ብዙው ተጓዥ ሻይ እንኳ ሳይጠጣባት ያልፋታል። በዚያ አካባቢ በ1950 ዓ.ም. በሣር ክዳን ጎጆ የተወለደ አንድ ልጅ ነበረ፤ ስሙም ገቢሳ እጀታ ይባላል። እናቱ ትምህርትን እጅግ የሚወዱ ሰው ስለ ነበሩ በጎረቤት ከተማ እንዲማር አደረጉ። ልጁ እሑድ ማታ ሃያ ኪሎ ሜትር በእግሩ ሄዶ ሳምንቱን ይማራል፤ ዓርብ ደግሞ ያንኑ መንገድ ተመልሶ ከቤቱ ይገባል። ስምንተኛን ክፍል ፈጽሞ የጅማ እርሻና ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባ፤ ከዚያም በዓለማያ በዕፅዋት ሳይንስ በ1973 ዓ.ም. ዲግሪውን ተቀበለ። በዚያው ዓመት ስለ ማሽላ የሚመራመሩ ጆን አክስቴል የተባሉ አሜሪካዊ መምህር ወደ አገራችን መጥተው የማሽላ ዘር ሲሰበስቡ ወጣቱ አብሯቸው ሠራ። እርሳቸውም ወደ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ወሰዱት፤ በ1978 በዶክተርነት ተመረቀ።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ዶክተር ገቢሳ የሠሩት ሥራ የእርሻ ዕውቀት ምን እንደ ሆነ በግልጥ ያሳያልና። በመጀመሪያ በሱዳን ሳሉ «ሀጊን ዱራ አንድ» የተባለውን ድቅል ማሽላ አስገኙ፤ እርሱም በ1983 ዓ.ም. ለገበሬው ተለቀቀ። ድርቅን ከመቻሉም በላይ ከአገሩ ማሽላ የበለጠ ምርት ሰጠ። ነገር ግን ድቅል ዘር ጠባዩ እንዲህ ነው፤ ገበሬው ካመረተው ላይ ቆጥቦ ቢዘራው በሁለተኛው ዓመት ኃይሉ ይቀንሳል። ስለዚህ በየዓመቱ አዲስ ዘር የሚያባዛና የሚሸጥ ድርጅት ያስፈልጋል። እኒህ ሰው ዘሩን ብቻ ፈጥረው አልተቀመጡም፤ ዘሩን የሚያባዙትንና የሚያከፋፍሉትን ሁሉ እየዞሩ አስተባበሩ።

ከዚያ በኋላ ወደ አቀንጭራ ዞሩ። የወሎና የትግራይ ሰው አቀንጭራን በሚገባ ያውቀዋል፤ አበባው ሲያዩት ያምራል፤ በማሽላ ማሳ ውስጥ ሲታይ ግን የገበሬው ልብ ይሰበራል። ነገሩ እንዲህ ነው። የአቀንጭራ ዘር እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ አንዱ ተክል ብቻውን በአሥር ሺህ የሚቆጠር ዘር ይጥላል፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ተኝቶ ዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። በከንቱ አይበቅልም፤ ይጠብቃል። የማሽላው ሥር በአፈር ውስጥ የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ሲደርሰው ብቻ ነቅቶ ይበቅላል፤ በቅሎም ከሥሩ ጋር ይጣበቅና ውኃውንና ምግቡን ይመጠምጣል። አቀንጭራው ከመሬት በላይ ብቅ ሲል ጉዳቱ አስቀድሞ ተፈጽሟል፤ ስለዚህ ማረም ብቻውን አያድንም። ዶክተር ገቢሳና ባልደረቦቻቸው የጠየቁት ጥያቄ፣ ይህን የሚያነቃውን ንጥረ ነገር እጅግ ጥቂት ብቻ የሚያመነጭ ማሽላ ይገኝ ይሆን? የሚል ነበር። ተገኘ። ይህንንም ጠባይ ጥሩ ምርት ከሚሰጡ ማሽላዎች ጋር አዳቀሉት። ጠላቱን ሳይነኩ የሚቀሰቅሰውን ድምፅ ዝም አሰኙት ማለት ነው። በ1994 ዓ.ም. የዚህ ዘር ስምንት ቶን ያህል ለምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ታደለ። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ፤ በ2023ም የአሜሪካ መንግሥት ከፍተኛውን የሳይንስ ሜዳይ በዋይት ሐውስ ሸለማቸው።

አንባቢ ሆይ፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ ሞፈር የጨበጠ ማነው? ያለ ኬሚስትሪ፣ ያለ ዘር ውርስ ጥናት፣ ያለ ሒሳብ ይህ የሚታሰብ አይደለም።

«ልጄ እንደ ዶክተር ገቢሳ ይሆናል ብለህ ልታታልለኝ ነው?» የሚሉኝ ይኖራሉ። እውነት ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው በየዓመቱ አይወለድም። እንግዲያስ ወደ ባልደረባዬ አባት ማሳ ወደ ጊንጪ እንመለስ። የጊንጪ ዋልካ ጥቁርና ለም ነው፤ ነገር ግን በክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ስለዚህ ገበሬው ሰኔና ሐምሌ ዝናቡን ዝም ብሎ እያየ ያሳልፍና ክረምቱ ሊወጣ ሲል በቀረው እርጥበት ይዘራል። ዋናው ዝናብ በከንቱ ሄደ ማለት ነው። ጊንጪ የሆለታ ምርምር ማእከል ይህን ዐይነት አፈር የሚያጠናበት ጣቢያ ነው። በ1980ዎቹ ዓመታት የአገራችንና የውጭ አገር ተመራማሪዎች ባንድነት ሆነው ያገሩን ማረሻ መሠረት አድርገው፣ በበሬ የሚጎተት፣ ሰፊ መደብና በመደቡ መካከል ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ ሠሩ። ውኃው በቦዩ ይወርዳል፤ እህሉ በመደቡ ላይ ይቆማል፤ ገበሬውም ስንዴውን ክረምቱ ሳይገፋ ይዘራል።

እንዲህ ሲነገር ቀላል ይመስላል። በተግባር ግን መሣሪያው ለከሳ በሬ ከበደ። ከአንዱ ማሳ የወጣው ውኃ ደግሞ ከታች ወዳለው ጎረቤት ማሳ ወረደና ጠብ አመጣ። በዚህ ጊዜ የአፈር ሊቁ ብቻውን አይበቃም። የጋራ ማፋሰሻ ቦይ ማን ያውጣ፣ ወጪውን ማን ይክፈል፣ መሬቱ ለቦይ የሚሄድበት ሰው ምን ያግኝ የሚለውን የሚያጠና የእርሻ ኢኮኖሚ ምሩቅ፣ ጎረቤታሞቹን አስማምቶ የሚያሠራም የገጠር ልማት ምሩቅ ያስፈልጋል። የእርሻ ትምህርት ለምን በብዙ ክፍል እንደ ተከፈለ የገባኝ ይህን የዋልካ ነገር በሰማሁ ጊዜ ነው።

በዚያው በምዕራብ ሸዋ ወደ ደጋው ወጣ ሲሉ ደግሞ ሌላ ችግር ይገኛል። ቀዩ አፈር በብዙ ዘመን ዝናብ ታጥቦ ኮምጥጧል። አፈር ይኮመጥጣል ቢሉኝ በመጀመሪያ ሣቅሁ፤ ግን በመሣሪያ የሚለካ እውነተኛ ነገር ነው። እንዲህ ባለው አፈር ላይ ገብሱ ይቀጭጫል፤ ገበሬው በብዙ ገንዘብ የገዛውም ማዳበሪያ አፈሩ ስለሚይዘው ለተክሉ አይደርስም። መድኃኒቱ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። ስንት ኩንታል ለስንት ጥማድ እንደሚበቃ ግን በግምት አይታወቅም፤ አፈሩ በላቦራቶሪ መመርመር አለበት። ይህን የሚመረምረው የአፈር ምሩቅ ነው።

መንገዱን ይዘው ወደ ምዕራብ ቢቀጥሉ በአምቦ የተክል በሽታና ተባይ የሚጠናበት የምርምር ማእከል አለ፤ ሥራው የተጀመረው በሶቪየት ኅብረት ርዳታ በተቋቋመ ላቦራቶሪ ነው። ከጉደርና ከጌዶ አልፈው ባኮ ሲደርሱ ደግሞ የበቆሎ ምርምር ያገኛሉ። በ1993 ዓ.ም. የተለቀቀው «ቢ ኤች 660» የተባለው ድቅል በቆሎ የባኮ ሥራ ነው። ለብዙ ዓመታት በአገራችን ከተዘሩት ድቅል በቆሎዎች ዋናው እርሱ ነበረ። ከሆለታ እስከ ባኮ ባለው በዚህ አንድ መንገድ ላይ ድንች፣ ገብስ፣ የወተት ላም፣ ዋልካ፣ ተባይና በቆሎ የሚጠናባቸው ቤቶች ተሰልፈዋል። የአምቦ ተማሪ ከደጁ ሳይርቅ ሊያያቸው ይችላል። ይህ ለሌሎች ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ያልተሰጠ ዕድል ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ደጅ ልለፍ። ይህ ገበሬውን የማስተማሩ ሥራ ነው፤ ኤክስቴንሽን ይባላል። በየቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ አለ፤ አብዛኞቹ ከግብርና ኮሌጅ በዲፕሎማ የወጡ ናቸው። ዲግሪ ያለው በብዛት በወረዳው ጽሕፈት ቤት በባለሙያነት ይቀመጣል፤ ከዚያ ወደ ዞን፣ ወደ ክልል፣ ወደ ሚኒስቴርም ይወጣል። ብዙውን ምሩቅ የሚቀበለው ይህ ደጅ ነው፤ ብዙውንም የሚያስመርረው ይኸው ነው። ይህን የምናገረው ለማስፈራራት አይደለም። ደመወዙ ጠባብ ነው፤ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሠራተኛው ስለ ዘርና ስለ አፈር ሊመክር ተልኮ የማዳበሪያ ብድር ሲያስመልስ፣ ስብሰባ ሲጠራ፣ መዝገብ ሲሞላ ይውላል። ገበሬውም ዛሬ መካሪ ሆኖ ነገ ዕዳ ጠያቂ ሆኖ የሚመጣውን ሰው በሙሉ ልቡ አያምነውም። እኛ በቢሮ የምንቀመጥ ሰዎች ይህን ማወቅ አለብን፤ ከእኛ መካከል የሪፖርቱን ቅጽ የሚያረቅቁ አሉና።

ይህም ሆኖ፣ በዚህ ሥራ ላይ ሁለት ክረምት የቆየ ወጣት በክፍል የማይገኝ አንድ ነገር ይማራል፤ ገበሬው «እሺ» ብሎት የማይሠራበትን ምክንያት። የምርምር ቤቶች ይህን የሚያውቅ ሰው አጥብቀው ይፈልጋሉ።

ሦስተኛው ደጅ ማስተማር ነው። ስለዚህ ብዙ የምለው የለኝም። ከፍ ያለ ውጤት ያመጣ ምሩቅ በረዳት መምህርነት ሊቀጠር ይችላል፤ በየኮሌጁም መምህር ይፈለጋል፤ በዚህ መንገድ ለመሄድ የወደደ ግን ሁለተኛውን ዲግሪ ማሰብ ግዴታው ነው።

በጥንቱ በሦስቱ ደጆች ላይ ዛሬ አራተኛ ተጨምሯል፤ እርሱም ገበያው ነው። በሆለታ አካባቢ የአበባ እርሻዎች አሉ፤ ለውጭ አገር የሚሄድ ጽጌረዳ አንድ ቅጠሉ ቢታመም ስለሚመለስ የተክል ሐኪም ያስፈልጋቸዋል። ዘር አባዢ ድርጅቶች፣ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ ወተት አቀነባባሪዎች፣ የመኖ ፋብሪካዎች፣ ለእርሻ የሚያበድሩ ባንኮች አሉ። ብድር ለመስጠት የአንድን እርሻ ትርፍና ሥጋት የሚያሰላ ሰው ባንኩ ከሒሳብ ክፍሉ አያገኝም። የራሱን ሥራ የሚያቋቁምም አለ፤ ነገር ግን ዐሥር የወተት ላም ለመግዛት የሚያስፈልገውን ገንዘብ ዲግሪው አይሰጥም። «ሥራ ፈጣሪ ሁን» የሚለውን ምክር በየስብሰባው የምንሰጥ ሰዎች፣ ከምክሩ ጋር መያዣ የሌለው ብድር ብንጨምርበት መልካም በሆነ ነበር።

ሴት ልጅ ያላችሁ አንባብያን ይህ ሁሉ የወንድ ነገር እንዳይመስላችሁ። የፍኖተ ሰላም ልጅ የሆኑት ዶክተር ሰገነት ቀለሙ፣ አንበጣ የአካባቢያቸውን ሰብል ሲያጠፋ በልጅነታቸው ያዩ ናቸው። እርሻን በዓለማያ ተምረው፣ በአሜሪካ በተክል በሽታ ዶክተር ሆኑ። በ2013 ዓ.ም. መቀመጫውን በናይሮቢ ያደረገው የዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማእከል የመጀመሪያዪቱ ሴት ዋና ዲሬክተር ሆነው ተሾሙ፤ በ2014ም በሳይንስ ለላቁ ሴቶች የሚሰጠውን የሎሬያልና የዩኔስኮ ሽልማት ተቀበሉ።

እንግዲህ ወደ ተግባሩ ልመለስ። ዛሬ ባለው ሥርዓት የመጀመሪያው ዓመት ለሁሉ የጋራ ትምህርት ነው፤ ከዚያ በኋላ ክፍል ይለያል። በእርሻ ሥር የዕፅዋት ሳይንስ፣ የእንስሳት ሳይንስ፣ የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ፣ የእርሻ ኢኮኖሚ፣ የገጠር ልማትና የመሳሰሉት አሉ። የእንስሳት ሕክምና ከእነዚህ ይልቅ ረዘም ያለ ዓመት ይወስዳል፤ ትዕግሥት ላለው ግን ሥራው በእጁ ያለ ሙያ ነው። ከ2023 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ማንኛውም ተማሪ ከመመረቁ በፊት አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። ስለዚህ «ገብቶ ይውጣ እንጂ» የሚለው ያረጀ ሐሳብ ዛሬ አይሠራም። ሳይወደው የሚማር ልጅ በዚያ ፈተና ይያዛል።

ልጅዎ ክፍል ሲመርጥ «የትኛው ይሻላል?» ብለው አይጠይቁት። ከሦስት ነገር የትኛው እንደሚቀለው ይጠይቁት፤ ከላቦራቶሪ ዕቃ ጋር መዋል፣ ወይስ ከሰው ጋር መነጋገር፣ ወይስ ከቁጥር ጋር መታገል? ለመጀመሪያው አፈርና ተክል፣ ለሁለተኛው ገጠር ልማት፣ ለሦስተኛው የእርሻ ኢኮኖሚ ይስማማዋል። ለመመረቂያ የሚያጠናውንም ጉዳይ ከመጽሐፍ ብቻ እንዲገለብጥ አይተዉት። ሆለታ ወይም ባኮ ሄዶ «እናንተን የቸገራችሁ ጥያቄ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀ ተማሪ፣ ሥራ ፍለጋ በወጣ ጊዜ ቢያንስ አንድ የሚያውቀው በር ይኖረዋል። እንግሊዝኛውንና ስታቲስቲኩን ደግሞ አይናቅ፤ ወደ ውጭ አገር ትምህርት የሚያሻግሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። አፋን ኦሮሞ የማይችል ልጅ ከሆነም በአምቦ ሳለ ይማር፤ የጌዶን ገበሬ በአስተርጓሚ ስለ አፈሩ ማነጋገር አይቻልም።

ንግግሩ በሬዲዮ በተሰማ በሦስተኛው ቀን ባልደረባዬ ተመልሰው ወደ ክፍሌ መጡ። በዚህ ጊዜ በሩን አልዘጉትም። «ያ ቦይ የሚያወጣው ማረሻ፣» አሉኝ፤ «አባቴ በሕይወት ሳለ ነበር?»

«በ1980ዎቹ ነው ጋሼ፤ በኛ አቆጣጠር ሰባዎቹ መጨረሻ ገደማ፤» አልኋቸው።

ጥቂት ዝም ብለው በጣታቸው ቈጠሩ። ከዚያም፣ «ነበር፤ ግን ያሳየው ሰው የለም፤» አሉ። ቀጥለውም ልጁ ለዕረፍት ሲመጣ ወደ ጊንጪ ይዘውት ሊሄዱ፣ የአያቱን ማሳ ውኃ በሚተኛበት ወራት ሊያሳዩት ማሰባቸውን ነገሩኝ። ስለ ማስለወጡ ነገር አላነሡም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።